ፕሮግራም ሲታደስ ስለሚጎድሉ ፋይሎች
ለክልል፥ ለዞንና ለወረዳ የእርሻ ሹማምንት የቀረበ ማስገንዘቢያ

የእርሻ ሥራ በማሳ ላይ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ በመዝገብም ይፈጸማል። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጊዜው የሚያገኘው፥ ስሙና የመሬቱ ስፋት በወረዳው ጽሕፈት ቤት በትክክል ተጽፎ ሲገኝ ነው። ቀድሞ ይህ መዝገብ በትልቅ ደብተር ላይ በቀለም ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ጽሕፈት ቤቶች በኮምፒዩተር ይያዛል። ደብተርን አይጥና ምስጥ፥ ፍሳሽና እሳት ያጠፉት እንደ ነበረ፥ ኮምፒዩተርም የራሱ ጠላት አለው። ከነዚህም ጠላቶች አንዱ ሰው ሁሉ እንደ መልካም ነገር በደስታ የሚቀበለው ነው፤ ይኸውም ፕሮግራምን በአዲስ እትም ማደስ ነው።

ማደሱ ራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም አይቀሬ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት አቁሟል። ስለዚህ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ዊንዶውሱንም በላዩ የተጫኑትንም ፕሮግራሞች ለማሳደስ ይገደዳሉ። እንግዲህ የሚያስፈልገው ማደስን መፍራት ሳይሆን፥ በማደስ ጊዜ ፋይል የሚጎድልበትን ምክንያት ማወቅና፥ ጎድሎም ሲገኝ በሥርዓት መፈለግ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚደርስ

ለምሳሌ ያህል አንድ የወረዳ እርሻ ጽሕፈት ቤት ይታሰብ። ወሩ ግንቦት ነው። የማዳበሪያው ጥያቄ ዝርዝር ወደ ዞን ሊላክ 3 ቀን ቀርቶታል። የመዝገቡ ሠራተኛ የፕሮግራሙን አዲስ እትም በፍላሽ ዲስክ ተቀብሎ ይጭናል፤ መጫኛውም ሥራው በደኅና ተፈጽሟል ብሎ ያሰናብተዋል። በማግሥቱ ጧት ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን፥ አንድ ፋይል አልተገኘም የሚል ቃል አውጥቶ ይዘጋል። ሠራተኛው ይደነግጣል። አለቃውም ቶሎ በል ይለዋል። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙን ከነፎልደሩ ደምስሶ እንደ አዲስ ይጭነዋል። አሁን ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ ነገር ግን ባዶ ነው። የቀበሌዎቹ ሁሉ ዝርዝር በዚያው በተደመሰሰው ፎልደር ውስጥ ነበረና።

በዚህ ነገር ውስጥ ሁለት ጥፋቶች እንዳሉ ልብ ማድረግ ይገባል። የመጀመሪያው ጥፋት የፕሮግራሙ ፋይል መጉደሉ ነው፤ ይህ ትንሽ ጥፋት ነው፥ በጥቂት ደቂቃ ይጠገናል። ሁለተኛው ጥፋት የመንግሥቱ መዝገብ መጥፋቱ ነው፤ ይህም ትልቁ ነው። ሁለተኛውን ያመጣው ማሽኑ አይደለም፤ ችኮላው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት የሚያስፈልገው፥ የጎደለው ፋይል የፕሮግራሙ ነው ወይስ የሥራው መረጃ ነው የሚለውን ነው። የፕሮግራሙ ፋይል ከመጫኛው ተመልሶ ይገኛል፤ የሥራው መረጃ ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው ከየትም አይገኝም።

መጫኛው ፋይል የሚያስቀርበት ምክንያት

በዊንዶውስ ላይ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚጫኑት ዊንዶውስ ኢንስቶለር በሚባል አገልግሎት አማካይነት ነው። ይህም አገልግሎት በአውሮጳ ዘመን በ1999 ኦፊስ 2000 ከተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ጋራ የወጣ ሲሆን፥ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። የሚሠራበት ሕግ ጥብቅ ነው፤ ሆኖም ሕጉን ያላወቀ ፕሮግራም አዘጋጅ በገዛ ሕጉ ፋይል እንዲያስቀር ሊያደርገው ይችላል። ነገሩን በጎተራ ምሳሌ መረዳት ይቻላል።

አንድ የቀድሞ ጎተራ ጠባቂ ሊሰናበት፥ አንድ አዲስ ጠባቂ ደግሞ ሊረከብ ነው። አዲሱ ጠባቂ ዕቃውን ከማምጣቱ በፊት ጎተራውን ይጎበኛል፤ የሚያመጣውንም ዕቃ ዝርዝር በእጁ ይዟል። በዝርዝሩ ላይ አንድ ሚዛን ተጽፏል። በጎተራው ውስጥ ግን ከርሱ ሚዛን የተሻለ ሚዛን ቆሞ ያያል። የተሻለ ካለ የኔን ማምጣት ለምን ያስፈልጋል ብሎ ሚዛኑን ከዝርዝሩ ይሰርዛል። ከዚህ በኋላ የቀድሞው ጠባቂ ሲሰናበት የራሱን ዕቃ ሁሉ፥ ያንኑም ሚዛን ጭምር፥ ጭኖ ይሄዳል። አዲሱ ጠባቂም በዝርዝሩ ላይ የቀሩትን ብቻ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ሁለቱም እንደ ሕጋቸው ሠርተዋል፤ ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም፤ ነገር ግን በጎተራው ውስጥ ሚዛን የለም።

ዊንዶውስ ኢንስቶለርም እንዲሁ ያደርጋል። አስቀድሞ በዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ከአዲሱ ፋይል ጋራ በእትም ቁጥር ያመዛዝናል። በዲስኩ ያለው ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ አዲሱን አልጭንም ብሎ ይወስናል። ከውሳኔው በኋላ የቀድሞውን እትም ያስወግዳል፤ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። ውሳኔው ግን እንደ ገና አይታይም። አዲስ እትም ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ፋይል የሚይዝበት ጊዜ ብርቅ አይደለም፤ አዘጋጁ ከሌላ ኩባንያ የተገኘውን ክፍል ስለ አንድ ጉድለት ትቶ ወደ ቀድሞው እትም የተመለሰ እንደ ሆነ ይህ ይደርሳል።

ይህን ዓይነቱን ጉድለት የሚያስታውቅ አንድ ምልክት አለ። ያው መጫኛ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ፥ ወይም ሪፔር የተባለው የጥገና ትእዛዝ ሲሰጥ፥ የጎደለው ፋይል ይመለሳል። በሁለተኛው ጊዜ የሚበልጥ ሚዛን በጎተራው ውስጥ ስለሌለ፥ አዲሱን ለማምጣት የሚከለክለው የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የምዝገባ ስሕተት ነው። በዊንዶውስ ኢንስቶለር ዘንድ እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል የራሱ የሆነ ረጅም መለያ ቁጥር አለው፤ ስንት ፕሮግራሞች እንደሚጠቀሙበትም በዚሁ ቁጥር ይቆጠራል። አዘጋጁ ያንኑ ፋይል በቀድሞው እትም በአንድ ቁጥር፥ በአዲሱ እትም በሌላ ቁጥር የመዘገበው እንደ ሆነ፥ አዲሱ ከገባ በኋላ አሮጌው ሲወጣ ቆጠራው ባዶ መስሎ ስለሚታይ ፋይሉ ይሰረዛል። አንድ ሰው በሁለት ስም ተመዝግቦ አንዱ ስም ሲፋቅ ሰውዬው ራሱ እንደ ሞተ እንደ መቁጠር ያለ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ፋይሉ በሥራ ላይ ሳለ ማደስ ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ አዲስ እትም ከተጫነ፥ የተያዙት ፋይሎች የሚተኩት ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲነሣ ነው። በዚህ ጊዜ መጫኛው 3010 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ ትርጓሜውም ሥራው ተሳክቷል፥ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ይነሣ ማለት ነው። ሳይነሣ ሥራ የቀጠለበት እንደ ሆነ፥ እኩሌታው አሮጌ እኩሌታው አዲስ በሆነ ፕሮግራም መሥራት ይሆናል። 1603 የሚለው ቁጥር ከታየ ግን መጫኑ ጨርሶ አልተሳካም ማለት ነው።

አራተኛው ምክንያት ከመጫኛው ውጭ ነው። አንዳንድ ጊዜ አንቲቫይረስ አዲሱን ፋይል ሳያውቀው ቀርቶ እንደ በሽታ ይቆጥረዋል፤ ኳራንቲን በሚባለው ስፍራም ያግደዋል። መጫኛው በደኅና ያስገባውን ዘበኛው በበሩ ላይ ያዘው ማለት ነው። ስለዚህ የኳራንቲኑን ዝርዝር ሳያዩ መጫኛውን መውቀስ አይገባም።

ያልጠፋ ነገር ግን የተሰወረ ፋይል

ጠፋ የተባለው ፋይል ሁልጊዜ የጠፋ አይደለም። ዊንዶውስ ቪስታ በአውሮጳ ዘመን በ2007 ለሕዝብ ከተሸጠ ጀምሮ፥ ፕሮግራሞች ፕሮግራም ፋይልስ በተባለው የተጠበቀ ፎልደር ውስጥ ያለ ፈቃድ መጻፍ አይችሉም። አሮጌ ፕሮግራሞች ግን በዚያው ለመጻፍ ስለሚሞክሩ፥ ዊንዶውስ ሳያስታውቅ ጽሑፋቸውን ወደ ሠራተኛው የግል ፎልደር፥ ቨርቹዋልስቶር ወደ ተባለው ስፍራ ያዞረዋል። አሮጌው ፕሮግራም መረጃው በነበረበት ያለ ይመስለዋል። በአዲሱ ደንብ የተሠራው እትም ሲመጣ ግን ይህ ማዞር ይቀርና መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይታያል። የብዙ ዓመት ዝርዝር ጠፋ ተብሎ ሲለቀስ፥ ዝርዝሩ በሠራተኛው ስም በተሠራው ፎልደር፥ አፕዳታ፥ ከዚያም ሎካል፥ ከዚያም ቨርቹዋልስቶር በተባለው ውስጥ በሰላም ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ከዚህም የሚከተለው ነገር መታወቅ አለበት፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ 2 ሠራተኞች በየስማቸው ሲሠሩ ከነበረ፥ 2 የተለያዩ መዝገቦች ሊኖሩ ይችላሉ።

ዊንዶውስ ራሱ ሲታደስ ደግሞ፥ የቀድሞው ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ፎልደር እንደ ልማዱ ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚሰረዝ፥ በርሱ ውስጥ የሚፈለግ ነገር ካለ ሳይዘገይ መፈለግ አለበት። እንዲሁም ከማደስ በኋላ ሠራተኛው ቴምፖራሪ ፕሮፋይል በተባለ ጊዜያዊ ስም የገባ እንደ ሆነ ገበታው ባዶ ይመስለዋል። የቀድሞው ፋይል በዩዘርስ ፎልደር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜያዊ ስም የተሠራው ሥራ ሠራተኛው ሲወጣ ስለሚጠፋ፥ በዚያ ላይ ምንም ሊጻፍ አይገባም።

ስለ አማርኛ ፊደልም አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። ኒያላ የተባለው የፊደል ፋይል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋራ የመጣ ሲሆን፥ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን በተጨማሪ ፊደሎች መደብ ውስጥ ስለ ተመደበ ለብቻው ካልተጠየቀ አይገባም። ኤብሪማ የተባለው ፊደል ስላለ ጽሑፉ ይነበባል፤ ሆኖም በኒያላ የተዘጋጁ ቅጾች መስመራቸው ይዛባል፥ ሠንጠረዦችም ከገጹ ይወጣሉ። ይህ ሲሆን ቅጹ ተበላሸ ብሎ እንደ ገና መጻፍ አያስፈልግም። በዊንዶውሱ ማስተካከያ ውስጥ ከተጨማሪ አገልግሎቶች ዝርዝር የኢትዮጵያን ተጨማሪ ፊደሎች መርጦ ማስገባት ይበቃል።

ታላቁ ኩባንያ ያየው ፈተና

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በትናንሽ ፕሮግራሞች ብቻ ነው የሚል ካለ፥ በ2011 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ የሆነውን ያስብ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 እትም 1809 የተባለውን መስከረም 22 ቀን አወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንዳንድ ሰዎች ሰነዶቻቸውና ፎቶግራፎቻቸው ከማደስ በኋላ ጠፉብን ብለው ጮኹ። ኩባንያውም መስከረም 26 ቀን ማደሉን አቆመ።

ምክንያቱ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሰነዶቻቸው የሚቀመጡበትን ፎልደር ወደ ሌላ ስፍራ ያዛወሩ፥ ነገር ግን በቀድሞው ስፍራ ጥቂት ፋይሎችን የተዉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት የወጣው እትም በአንዳንዶች ዘንድ ባዶ የሆኑ ድርብ ፎልደሮችን ይፈጥር ስለ ነበረ፥ እነዚህን ለማጽዳት በአዲሱ እትም ውስጥ ትእዛዝ ገባ። ትእዛዙም የቀድሞውን ፎልደር እንደ ትርፍ ቆጥሮ ከነፋይሉ ሰረዘው። ኩባንያው እንደ ተናገረው ጉዳቱን ያመለከቱት ከ10,000 አንድ ያህል ነበሩ። ፋይል ለጠፋበት ሰው የተሰጠው ምክርም ኮምፒዩተሩን በተቻለ መጠን ባነሰ ይጠቀምበት የሚል ነበር፤ በተሰረዘው ላይ አዲስ ከተጻፈበት ተመልሶ አይገኝምና። እትሙ ታርሞ የተመለሰው ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓመተ ምሕረት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሹማምንት የሚጠቅም ሌላ ትምህርት አለ። እትሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት፥ በሙከራ ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ፋይል መጥፋቱን ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን ጽሑፋቸው ጥቂት ስለ ሆነ በብዙ ሌላ አቤቱታ መካከል ተውጦ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ጉድለት የሚያመለክት ሰው የጉዳቱን ክብደት ጭምር እንዲጽፍ የሚያደርግ ስፍራ በቅጹ ላይ ጨመረ። ስለዚህ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል የሚጻፈው ማመልከቻ ፕሮግራሙ አይሠራም ብሎ ብቻ ቢያበቃ አይበቃም። የጎደለው ምን እንደ ሆነ፥ በዚህም ምክንያት የስንት ቀበሌ ሥራ እንደ ቆመ፥ የማስረከቢያውም ቀን መቼ እንደ ሆነ ሊጻፍበት ይገባል።

ፋይል ጎድሎ ሲገኝ የሚደረግ

1ኛ፤ ሥራ ይቁም። ፕሮግራሙ አይደምሰስ፥ ፎልደርም አይሰረዝ፥ አዲስ መረጃም አይጻፍ።

2ኛ፤ የታየው ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። የቀድሞው እትም ቁጥር፥ የአዲሱ እትም ቁጥር፥ ቀኑና የጫነው ሠራተኛ ስም ይመዝገብ።

3ኛ፤ የመረጃው ፎልደር ባለበት ሁኔታ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ። ጉድለት ያለበት ቅጂም ቢሆን ከባዶ እጅ ይሻላል።

4ኛ፤ ከላይ በተነገሩት መሰወሪያዎች ይፈለግ፤ ይኸውም በቨርቹዋልስቶር፥ በዩዘርስ፥ በዊንዶውስ ኦልድ፥ በአንቲቫይረሱም ኳራንቲን ነው።

5ኛ፤ የጎደለው የፕሮግራሙ ፋይል እንደ ሆነ፥ በፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ሪፔር የሚለው ትእዛዝ ይሰጥ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

6ኛ፤ ጥገናው ያልረዳ እንደ ሆነ፥ መጫኛው ሎግ እየጻፈ እንዲሠራ ይደረግ። ይህም በትእዛዙ መጨረሻ ላይ ከዝንባል መስመር በኋላ ኤል፥ ኮከብና ቪ የተባሉትን ምልክቶች በላቲን ፊደል ጽፎ፥ ሎጉ የሚቀመጥበትን የፋይል ስም በመጨመር ይፈጸማል። በሎጉ ውስጥ ዲስአላዊንግ በሚል ቃል የሚጀምርና፥ የሚበልጥ ቁጥር ያለው ፋይል ስላለ ይህ ክፍል አይጫንም የሚል ትርጓሜ ያለው መስመር ከተገኘ፥ ነገሩ የጎተራው ጠባቂ ነገር ነው።

7ኛ፤ ሎጉ ከማመልከቻው ጋራ ተያይዞ ለፕሮግራሙ አዘጋጅ ይላክ። የማረም ግዴታው የርሱ ነው። መድኃኒቱም የቀድሞው እትም የሚወገድበትን ተራ አዲሱ ከገባ በኋላ ማድረግ፥ የፋይሎችንም ቁጥር ወደ ኋላ አለመመለስ፥ የክፍሎችንም መለያ ሳይለውጡ መጠበቅ ነው።

አንድ ክልከላም እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ኢንስቶለር የተባለ የተሰወረ ፎልደር አለ። ዲስክ ሞላ በሚባልበት ጊዜ አንዳንድ ሰዎች ስፋቱን አይተው ይሰርዙታል። ይህ ፎልደር በዊንዶውስ ኢንስቶለር የተጫኑት ፕሮግራሞች የመጫኛ ቅጂ የሚጠበቅበት ስለ ሆነ፥ ከተሰረዘ በኋላ መጠገንም፥ ማደስም፥ ማስወገድም ይቸግራል። ስለዚህ ፈጽሞ አይነካ።

ከማደስ በፊት የሚደረግ

ከመፈለግ መጠበቅ ይሻላል። በመጀመሪያ ጊዜው ይመረጥ፤ የማዳበሪያና የዘር ዝርዝር በሚዘጋጅበት ወራት ያለ ብርቱ ምክንያት ማደስ አይገባም። ቀጥሎ የመረጃው ቅጂ በ2 ስፍራ ይቀመጥ፤ ከሁለቱም አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይሁን። በዚያው ኮምፒዩተር በዚያው ዲስክ ላይ የተገለበጠ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይታይ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ያልተቆጠረ ገንዘብ ነው።

ከዚህም በላይ፥ ከማደሱ በፊት የመዝገቡ ድምር በወረቀት ይውጣ፤ የቀበሌዎች ብዛት፥ የገበሬዎች ብዛት፥ የመሬቱ ሄክታር፥ የተጠየቀው ማዳበሪያ ኩንታል። ከማደሱ በኋላ ያው ድምር እንደ ገና ይውጣና ሁለቱ ወረቀቶች ይተያዩ። ፕሮግራም ተከፈተ ማለት መዝገብ ሙሉ ነው ማለት አይደለምና፥ ያለዚህ ወረቀት የአንድ ቀበሌ መጉደል እስከ መኸር ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። የቀድሞው እትም መጫኛም እንዳይጣል፤ አዲሱ ያልሆነ እንደ ሆነ መመለሻ መንገድ እርሱ ነው። ብዙ ኮምፒዩተር ባለበት ስፍራ አስቀድሞ በአንዱ ብቻ ተሞክሮ ጥቂት ቀን ይታይ። መብራት በሚቋረጥበት አገር ያለ ባትሪ ማደስ አይጀመር። መጫኛውም ሲሠራ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ይዘጉ፤ ሲፈጸምም ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ይነሣ።

በምሳሌ ወደ ተነገረው ወረዳ ለመመለስ፥ ያ ሠራተኛ በመጀመሪያው ጧት ሥራውን አቁሞ፥ ፎልደሩን ገልብጦ፥ የጥገናውን ትእዛዝ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ ዝርዝሩ በዚያው ቀን በእጁ በሆነ ነበር። አለቃውም ቶሎ በል በማለት ፈንታ ቅጂው የት አለ ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ፥ የተሻለ ባዘዘው ነበር። ሹም በኮምፒዩተር ዕውቀት ከሠራተኛው ሊያንስ ይችላል፤ ይህን አንዱን ጥያቄ ግን መጠየቅ አያቅተውም።

ገበሬው ስለ እትም ቁጥር አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገደድም። እርሱ የሚያውቀው ዝናቡ በጀመረ ጊዜ ማዳበሪያው ደርሶ ወይም ሳይደርስ መቅረቱን ነው። ስሙ ከመዝገብ የወጣ ገበሬ በመጋዘኑ በር ቆሞ ስምህ የለም ሲባል፥ ማሽኑ ነው ያጠፋው ቢሉት የሚረዳው ነገር የለም። የዘር ጊዜ አንድ ጊዜ ካለፈ በጥገና ትእዛዝ አይመለስም። ስለዚህ እያንዳንዱ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከላይ የተዘረዘሩትን 7 ነገሮች ጽፎ በመዝገቡ ኮምፒዩተር አጠገብ በግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ የቅጂውንም ነገር የሚጠየቅ አንድ ሠራተኛ በስሙ ይሾም።